የመሰላል እናት

ሰኞ፣ የካቲት 10

ማጠቢያ ማሽኑ አንድ ዙር ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እኔም የምጽፍበት አርባ ደቂቃ አለኝ ማለት ነው። አሥራ ስድስት ማልያ፣ አሥራ ስድስት ቁምጣ። ካልሲውን አልቆጥረውም፤ ካልሲ የሚቆጥር ሰው ጤና የለውም። የቅዳሜው ጨዋታ ላብ በከረጢት ታስሮ ሁለት ሌሊት አድሮ ስፈታው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰባት ዓመት እዚህ ክፍል ሠርቼ አፍንጫዬ እስከ ዛሬ አልለመደውም።

ጠዋት የኮሌጁ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ መጣ። ተጫዋቾቹ "ሽቶው" ነው የሚሉት፤ እሱ ሳይደርስ ሽታው ቀድሞት በር ላይ ይቆማል። ዛሬ ከላቡ ጋር ሲደባለቅ መስኮቱን ከፈትኩ። መጽሔቱ ላይ የወንድሜን ታሪክ ሊጽፍ ነው። "የመሰላል ልጅነትና አነሳስ" ይላል ርዕሱ። ርዕሱን ጽፎ ጨርሶ ነው ታሪክ ፍለጋ የመጣው። መሰላል ቡድኑ ለወንድሜ ያወጣለት ስም ነው፤ ቁመቱን ያየ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ነገርኩት። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ መካኒክ የብስክሌት ቸርኬ በቅርጫት ፈንታ እንደመታልን፣ ልጁን መወርወር ያስተማርኩት እኔ እንደሆንኩ። ከቸርኬው ፊት ለፊት ከውሃ ታንከሩ የሚመጣ ቧንቧ አለ። ኳሱ ቧንቧውን ካልዘለለ አይገባም። ልጁ ኳስ ሽቅብ መስቀል የለመደው ለዚህ ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያጨበጭብለት ያ አወራወር የቧንቧ ሥራ ነው። ሽቶው ግን እስክሪብቶውን አላነሳም። "መጸዳጃ ቤት" ስል አፍንጫውን ሸብሸብ አደረገ፣ በቃ።

ከዚያ ከሬጅስትራር ያወጣውን የወንድሜን ፋይል ገልጦ አሳየኝ። ከአባት ስም ጎን "በሕይወት የለም"፣ ከእናት ስም ጎን "በሕይወት የለችም" ይላል። ታሪኩ ይህ ነው፣ ሌላው ትርፍ ነው አለኝ። አባታችን እውነት ነው፣ ሞቷል። እናታችን ግን ዛሬ ጠዋት ምሳ ዕቃዬን ራሷ ቋጥራ ነው የሸኘችኝ።

ፋይሉን አጥፌ መለስኩለት። ማሽኑ ጨርሷል፣ እየጮኸ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሩጫ። ሁለት ማልያ ቀለም ለቀቀብኝ። የሰባት ቁጥሩ ቁምጣ ተተርትሯል። አሠልጣኙ ዛሬ ምን ነካሽ አለኝ፤ በረኪናው ነው አልኩት። በረኪና ቀለም ያስለቅቃል እንጂ ቁምጣ አይተረትርም። እሱም ያውቃል፣ አልጠየቀኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ማንም አያነበውም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ኮሌጁ ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ላጡ ተማሪዎች በየዓመቱ አራት ነፃ ቦታ አለው፤ ትምህርቱም መኝታውም ምግቡም። ወንድሜ ፈተናውን አልፏል፣ ጨዋታውንም አይተው ወደውታል፣ የተጫዋቾቹ ኮታ ግን ሞልቶ ነበር። አሠልጣኙ ያን የወላጅ አልባዎቹን ቅጽ ራሱ ይዞልኝ መጣ። "የምትጽፊውን አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎኝ ሄደ። ያኔ ይህችን ቃል እንደ ደግነት ነበር የቆጠርኩለት።

የሞላሁት እዚሁ፣ ይህችው የተገለበጠች ሣጥን ላይ ቁጭ ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው ሰዓት አቆይቼው፣ ሬጅስትራሩ ሊዘጋ ሩብ ጉዳይ ሲል። የእናት ስም። አለች፣ የለችም። እስክሪብቶው ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ከሥሩ "የሞተችበት ቀን" ይላል ለካ። እሱን አላሰብኩበትም። ስቸኩል ቀን የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ይጠፋል። በቃሌ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ ሚያዝያ 4። የኮሌጁ የምሥረታ ቀን ነው፣ የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ በየዓመቱ በዚያ ቀን ነው የሚደረገው፣ እኔም በተጫዋችነት ዘመኔ ጉልበቴ የወጣው በዚያ ቀን ነው። ለኳስ ሰው ከልደቱ ይበልጥ የሚታወሰው እሱ ነው። ሚያዝያ 4 ብዬ ጻፍኩና ሮጥኩ።

ወረቀት ነው ብዬ ራሴን ደለልኩ። ወንድሜ ሳያነበው ነው የፈረመው። ይመስለኛል።

ለእማዬ ኮሌጁ በችሎታው ወሰደው አልኳት። መናኸሪያው መጸዳጃ ቤት በር ላይ መወልወያዋን ጥላ አቀፈችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ቤት ስታጸዳ ኖራለች፤ እኛን ያሳደገችበት ነው። እኔ ደግሞ ተማሪ ሳለሁ ጓደኞቼ እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ "ትራንስፖርት ላይ ናት" ነበር የምለው። አያችሁ፣ ውሸት እንኳ አይደለም። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ። ከዚያች ቃል እስከ ቅጹ ድረስ ስንት እርምጃ ነው? ራሴን ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ሰኞ፣ የካቲት 24

መጽሔቱ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ወንድሜ አየር ላይ ተንሳፍፏል። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ያለውን ቃል በቃል ልገልብጠው፦ "ኳሱን ወደ ሰማይ የሚልከው እናቱ ካለችበት ሆና እንድታየው ነው።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የታንከር ቧንቧ ሰማይ ሆኖ አረፈው! መካኒኩ የለም፣ ቸርኬው የለም። ጨዋታውንም ማንም አላስተማረውም፣ "በብቸኝነቱ ተማረው" ይላል። እኔ አንድ መስመር ላይ አለሁ፤ "እንደ እናት ያሳደገችው እህቱ" ተብያለሁ። እንደ እናት! ተጫዋቾቹ ማልያ ሊወስዱ ሲመጡ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው አይዞሽ አሉኝ። በሕይወቱ ካልሲ ገልብጦ የማያውቀው አራት ቁጥር እንኳ ዛሬ ካልሲውን ገልብጦ አስረከበኝ። በእናቴ ሞት ያገኘሁት ጥቅም ይኸው ነው።

ወንድሜ መጨረሻ ላይ መጣ። "አነበብሽው?" አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። ፊቴን ሲያይ ዋጠው፤ ግን አይቼዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ቤት ስገባ እማዬ ጠረጴዛው ላይ መቀስ ይዛ ተቀምጣለች። ከፊቷ መጽሔቱ። ተሳፋሪ ረስቶት የወረደውን አንድ ሹፌር አምጥቶላት ነው።

ደግነቱ ፎቶውን ብቻ ነው የፈለገችው። በጠርዝ በጠርዙ አሳምራ ቆርጣ አወጣችው፤ የጽሑፉን ገጽ አጣጥፋ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ለምን አቃጠልሽው፣ ሳታነቢው አልኳት። "በየትኛው ዓይኔ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ መነጽሯ ከተሰበረ ቆይቷል፤ አንዱን እግሩን በክር አስራው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እፎይ አልኩ። እራት ላይ ብዙ አላወራችም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል፣ ቅዳሜና እሑድ መንገደኛ ብዙ ነው።

ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ብቻ፣ ደክሟታል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ሠላሳ አንድ ነጥብ አስቆጠረ። የትልቁ ሊግ ሰው መጥቶ ከአሠልጣኙ ጎን ተቀምጦ ሲጽፍ ዋለ፤ ለፍጻሜው እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል። ካደነቀው ይወስደዋል፤ ከወሰደው ወንድሜ ከዚህ ሁሉ ወጣ ማለት ነው። መናኸሪያ ጀርባ ላደገ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ግን አዲስ ነገር ጀምሯል። ባስቆጠረ ቁጥር ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ሰማይ ያያል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ፎጣ ስሰበስብ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን እየጠረገች እናቱ ብታየው ትላለች፤ ባሏ ደግሞ እናት የሌለው ልጅ ነው የሚጠነክር ብሎ ያስተምራታል። እጄ ላይ የነበረውን እርጥብ ፎጣ ፊቱ ላይ ብለጥፍለት ደስ ባለኝ። ይህችን ጣት መቀሰር ከየት ተማራት? እኔ አላስተማርኩትም። ቧንቧውን እያሳየ ነው ብዬ ለራሴ ቀለድኩ፤ አላሳቀኝም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

በምሳ ሰዓት እማዬ ዘንድ ሄድኩ። ፎቶውን ከመግቢያው በላይ፣ ወንዶች ከሚለው ጽሑፍ ጎን ለጥፋዋለች። ወለሉን እየወለወለች ሳለ አንድ ሹፌር እጁን እየታጠበ "ያ የጎረቤትሽ ልጅ ትናንትም በሬዲዮ ተወራለት" አላት። አዎ፣ ጎበዝ ልጅ ነው አለችው፣ ቀናም አላለች።

የድሮዎቹ ሹፌሮች ወደ አዲሱ መናኸሪያ ተዛውረዋል፤ ይህኛው አዲስ ነው፣ ማን ከማን እንደሆነ አያውቅም። እሷም ማረሙ ሰልችቷት ይሆናል። እንዲህ ባለ ነገር ራሴን አላዞርም።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ለፍጻሜ አለፍን። ሽቶው ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ እየሮጠ መጣ። በቀደም ያላየውን ዛሬ አይቶታል፤ ሚያዝያ 4! የእናታችሁ አራተኛ ሙት ዓመትና የፍጻሜው ጨዋታ በአንድ ቀን! እግዜር ራሱ የጻፈው ነው ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ በሩብ ሰዓት።

ከጨዋታው በፊት የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ይደረጋል። ሦስት ሺህ ሰው ይቆማል። የትልቁ ሊግ ሰው ይቆማል። ተጫዋቾቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያደርጋሉ፤ እሱን ማልያው ላይ የምሰፋው እኔ ነኝ። የእናትሽን ፎቶ ስጪኝ፣ ግድግዳው ላይ በትልቁ ላውጣው አለኝ። ፎቶ የላትም አልኩት። "አይ ድህነት" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ትከሻዬን ሁለት ጊዜ ታጠብኩት፣ ሽታው አልለቀቀም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ወንድሜን ጠርቼ በሩን ዘጋሁ። ማሽኑ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ልጅ እያለ መናኸሪያው ግንብ ላይ እንደሚቀመጠው። የሕሊና ጸሎቱን አልፈልግም በላቸው አልኩት፣ ኀዘኔን በአደባባይ አልወድም ብለህ አስቁመው። አንተ ካልክ ይሰሙሃል።

ቀስ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር፣ እኔ የማላውቀው ይመስል። ለምን ካሉ መቆፈር ይጀምራሉ፤ ከቆፈሩ እሱ ይባረራል፣ እኔም እባረራለሁ፣ የትልቁ ሊግ ሰውም ሌላ ልጅ ያያል። አንድ ደቂቃ ነው እኮ አለኝ። የእናትህ አንድ ደቂቃ ነው አልኩት። ጣትህን ስትቀስር ማንን ነው የምታሳየው አልኩት። ጮኼ ነበር።

"አንቺ ነሽ የገደልሻት፤ እኔ ዝም ነው ያልኩት" አለኝ።

ከማሽኑ ላይ ወርዶ ወጣ። በሩ ላይ ተመልሶ አንገቱን አስገባና የእማዬ ወገብ ተሻላት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወር ሙሉ ቤት አልመጣም፤ ሥልጠና አለብኝ ይላል። እውነት ነው ሥልጠና አለበት።

እንግዲህ ሳያነብ ነው የፈረመው የምለው ነገር ቀረ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ጥቁሩ ጨርቅ ደረሰኝ። ሁለት ሜትር። አሥራ ስድስት ቁራጭ። ስድስት ሰፋሁ። ሰባተኛው ላይ መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ይበለኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ዛሬ ቤት ሳለሁ እማዬ ራሴን እያበጠረችልኝ አንድ ነገር ልንገርሽ አለች። መጸዳጃ ቤቱ የውሃ መስመር ሊቀየርለት ነው፤ ሚያዝያ 4 ቀን ሙሉ ይዘጋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ የእረፍት ቅዳሜ። "ልጄን ሲጫወት አየዋለሁ" አለች።

ማበጠሪያው ጸጉሬ ላይ እንዳለ ትኬት አልቋል አልኳት። እሷም ሳትደነግጥ ቆሜ አያለሁ አለች፣ ቆሞ መዋል መቼ ይከብደኛል። ሰው ይጋፋሻል አልኳት። መናኸሪያ ውስጥ የኖረች ሴት ናት፣ ሳቀችብኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ማንም ምንሽ ነው ቢለኝ የሠፈር ልጅ ነው እላለሁ፣ አላሳፍረውም፣ አትሥጊ አለችኝ። ምስኪን፣ ስለ ሥራዋ ነው የምትጨነቀው። ምን ዓይነት ልጆች ነን እናታችን እንዲህ እንድታስብ ያደረግናት?

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ቆርጬ አሠልጣኙ ጋ ገባሁ። ሰሌዳው ላይ ክብና መስቀል እየሣለ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቅጹን፣ ቀኑን፣ እናቴ ለፍጻሜው አዳራሹ ውስጥ እንደምትገኝ። ፊቱን እንኳ አላዞረም።

"እኔ ምንም አልሰማሁም፤ አንቺም ማልያ ልትወስጂ ነው የመጣሽው" አለኝ።

እንዳልሰማ ሰው ክቡን ሣለ፣ መስቀሉን ሣለ። እናትየዋን የዚያን ቀን ቤት አስቀሪያት አለኝ ቀጥሎ፤ ከፍጻሜው በኋላ ከሞት ብትነሳም ግድ የለኝም። ራሱ ተናግሮ ራሱ ሳቀ። ጥርሱ መሀል የማስቲካው አረንጓዴ ይታያል። ይህ ሰው ጉልበቴ የወጣ ጊዜ ተሸክሞ ያወጣኝ ነው፤ ይህን ሥራም የሰጠኝ እሱ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አክብሬዋለሁ።

የቆሸሸውን ማልያ ከረጢት አንስቼ ወጣሁ። ከሁሉም የሚያስጠላኝ ይህ ነው፣ ከረጢቱን አንስቼ መውጣቴ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ልነግራት ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው "ቅዳሜ ከባድ ዝናብ ይጥላል አሉ" የሚል ሆነ።

"አዳራሽ ውስጥ አይደለም እንዴ የሚጫወቱት?" አለችኝ።

ነው አልኳት። ካውያውን አቁማ ትንሽ አየችኝ። የምትነግሪኝ ነገር ካለ ንገሪኝ እንደሚል ሰው ነበር ያየችኝ፤ ወይም እኔ ነኝ እንደዚያ የመሰለኝ። ምንም አልኳት። እሺ አለች፣ ወደ እጅጌው ዞረች። ግራጫ ቀሚሷን ነው የምትለብሰው። ጥሩ ተተኩሷል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

አሥራ ስድስቱም አለቀ። የእሱን፣ አሥራ አንድ ቁጥሩን፣ መጨረሻ ሰፋሁት። ከሁሉ ያማረ ስፌት እሱ ላይ ነው። ስፌቴ እንዲያምር ምን አተጋኝ? እንጃ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ገና ሳይመሽ ቤት ገብተናል። እማዬ ጎኗን አሳርፋለች። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ላይ፣ መውጫው አጠገብ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳት። ከማንም እንዳትታይ ነው። እሷም ሞቅ ያለ ቦታ ነው ብላ አመሰገነችኝ። ከጎኗ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ብስኩት ይዛ ነበር፣ አካፈለቻት። እማዬ ጥቂት ወስዳ መሐረቧ ውስጥ ቋጠረች።

ቡድኑ ገባ። አሥራ ስድስት ጥቁር ክንድ። እማዬ አየች። እኔ ግን ሳትጠይቀኝ "የስፖንሰር ምልክት ነው" አልኳት። "እ" አለች።

ሽቶው ማይክሮፎኑን ያዘ። ድምፁን አለሰለሰው። ዛሬ የኮከባችን ወላጅ እናት ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፣ ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነስተን አለ። የእማዬን ስም ከነአባቷ ጠራ፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ። ስሟ በዚያ ዓይነት ክብር ሲጠራ በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው።

ወንበሮቹ ሁሉ በአንዴ ተንጓጉ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። እማዬን ለመያዝ እጄን ሰደድኩ። ቦታዋ ባዶ ነበር። ከማንም ቀድማ ቆማለች። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሰው ቤት ኀዘን እንደሄደች ሴት።

"ቁሚ" አለችኝ ሳትዞር። "ሰው ያየናል።"

ቆምኩ። ስልሳ ሰከንድ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለ ብስኩቷ ሴትዮ ታለቅሳለች። እማዬ አላለቀሰችም። ወንድሜ ሜዳው መሀል ብቻውን ቆሟል፤ መጨረሻው ላይ እንደለመደው ጣቱን ቀስሮ ቀና አለ። ቀና ሲል ዓይኑ መጨረሻው ረድፍ ላይ አረፈ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። እማዬ ናት መጀመሪያ ዓይኗን የመለሰችው።

ፊሽካው ሲነፋ ቁጭ አለች፣ ቀሚሷን አስተካከለች። ወንድሜ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ኳሶች ሳተ። አሠልጣኙ ሲሰድበው እዚያ ላይ ድረስ ይሰማል። ሦስተኛው ሩብ ላይ ነው የነቃው፤ ከዚያማ ማንም አልያዘው። በሁለት ነጥብ አሸነፍን፣ የመጨረሻዋን ያገባት እሱ ነው። ሰው ሜዳ ውስጥ ፈሰሰ። የትልቁ ሊግ ሰው እጁን ሲጨብጠው አየሁ። እማዬ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨበች፣ ሰው ሲያቆም አቆመች።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት እያየች "አሁንም ሲወረውር ጉልበቱን በደንብ ያጥፋል፤ አንቺ ነሽ ያስለመድሽው" አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው ብዬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትነግረኛለች፣ ለዚያ ነው ያልጠየቅኳት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5

ዛሬ የሥራ ቀኔ አይደለም። ምሳዋን ይዤላት መናኸሪያ ሄድኩ። የውሃ መስመሩ ተቀይሯል፣ ወለሉ ጭቃ ነው፣ ሽታው ከትናንት በስቲያው ብሷል። አፍንጫዬን ልይዝ እጄን አንስቼ መልሼ አወረድኩት፣ በር ላይ ቆማለችና።

ወንድሜን ከሩቅ አየሁት። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ነበር የመጣው፤ ያን ቁመት ኮፍያ መች ይደብቀዋል። ሹፌሮቹ ከበቡት፣ ረዳቶቹ ከበቡት፣ ፎቶ አብረን እንነሳ ተባለ። አልቆመላቸውም። ዓይኑ አብጧል፤ አልተኛም። ሰዉን እየከፈለ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣ። እማዬ ሊላት ነው አልኩ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሊለው ነው። ይባረር፣ እኔም ልባረር፣ ብቻ ይበለው።

ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። አፉን ከፈተ።

"ወንዶች በዚህ በኩል ነው፤ ይግቡ" አለችው እማዬ።

ባለበት ቀረ። እሷ ጎንበስ ብላ፣ ጭቃው እንዳያንሸራትተው ደረቅ ጨርቅ ከእግሩ ሥር አነጠፈችለት። ከኋላ አንድ ሹፌር ሳቀ። እናት፣ ይህን ሰው አታውቂውም እንዴ፣ መሰላል እኮ ነው፣ የትናንቱ አላት። ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ቀስ ብላ ነው ያየችው፣ ምንም ሳታስቀር።

"አወቅኩት" አለች። "ጎበዝ ልጅ ነው። እናቱን ነፍስ ይማር።"

ሹፌሮቹ ኮፍያቸውን አውልቀው አሜን አሉ። እኔም ምሳ ዕቃውን እንደያዝኩ አሜን አልኩ፤ ከአፌ ወጣ። ሁሉም ወንድሜን ነበር የሚያየው። ከዚያ እሱም አሜን አለና፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በወንዶቹ በር ገባ።